አማቴ ሃይድሮጅን ሊያዩ የመጡ ዕለት

ሽማግሌ ልትልኩ የተዘጋጃችሁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ የምትሠሩትን ሥራ ለሽማግሎቹ በደንብ አስረዷቸው። ስማችሁን ቢሳሳቱ ይታረማል። የአያታችሁን ስም ቢዘነጉ ከመካከላቸው አንዱ ያስታውሳል። ሥራችሁን ከተሳሳቱ ግን በእኔ የደረሰው ይደርስባችኋል፤ በእኔ የደረሰውን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም። ቆይ፣ አንድ ሁለት ጠላቶች አሉኝ፤ ለእነሱ በመጠኑ ልመኝላቸው እችላለሁ።

የምሠራው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በተተከለ አነስተኛ የሙከራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከፀሐይና ከነፋስ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ውሃን ይሰነጥቅና ሃይድሮጅን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ሲመረት ጭስ ስለሌለው አረንጓዴ ሃይድሮጅን ይሉታል። የኛን ከተማ ለዚህ የመረጧት ነፋስ ስለማይቸግራት ይመስለኛል። የደብረ ብርሃን ነፋስ የሰው ባርኔጣ ነጥቆ ሸኖ ድረስ የሚሸኝ ነፋስ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢያመነጭ ምን ይገርማል? እስከዛሬ ሲያመነጭ የኖረው ጉንፋን ብቻ ነበር።

ሌሎቹ ሠራተኞች ጋዙን ያወጣሉ። እኔ ጋዙ እንዳይወጣ እጠብቃለሁ፤ ማለቴ ከማይገባው ቦታ እንዳይወጣ። ሃይድሮጅን ክፉ ጋዝ አይደለም፤ ጠባዩ ግን ያስቸግራል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሌላው ጋዝ የማያልፍበትን ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል፤ ከዚያ ትንሽ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። ሲቀጣጠል ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። እሳት እንደ እሳት ታይቶ ቢያቃጥል አንድ ነገር ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ምቀኛ ጎረቤት ፊቱን ሳያሳይ ነው የሚለበልበው። እንግዲህ ይህን የምጠብቀውን ሰው ባልደረቦቼ «ሴፍቲ» ይሉኛል። በመታወቂያዬ ላይ የተጻፈው ግን «የደኅንነት ባለሙያ» የሚል ነው።

መዘዙ የተመዘዘው ከዚህ ነው።

ላገባት የፈለግኳት ጽጌ ጎረቤላ ላይ የምታስተምር ልጅ ናት። ለስልጠና ደብረ ብርሃን መጥታ ነው የተዋወቅነው፤ እንዴት እንደተዋወቅን ብጀምር ወጉ ሌላ ወግ ይወልዳልና ልለፈው። አባቷ ጋሽ ወንድይራድ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ገብስ የሚያርሱ፣ በአንኮበር ወረዳ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የእነዋሪ ልጅ ነኝ። ከእነዋሪ አጎቴን ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር አድርጌ ላክሁ። አጎቴ ንግግር ያውቃል፤ ችግሩ ማቆም አያውቅም።

ኋላ እንደሰማሁት ነገሩ እስከ መሃሉ ድረስ እንደ ቅቤ ሄዶ ነበር። ጋሽ ወንድይራድ «ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ።

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኩራቱን ግን ዝቅ ሳያደርግ፣ «ደኅንነት ነው» አለ።

ሰውዬው ከተቀመጡበት ተነሡ። «እኔ ልጄን የሰው ወሬ እየለቀመ ለሚኖር ሰው አልሰጥም» አሉ።

አጎቴ ደነገጠ። ደንግጦ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። «ኧረ እሱ አይደለም! ይህኛው ደኅንነት ሌላ ነው። ከውሃ እሳት የሚያወጣ ፋብሪካ አለ፤ እሱን ነው የሚጠብቀው።»

«ዘበኛ ነው በለኛ።»

«ዘበኛም አይደለም። እሳት እንዳይነሣ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ እሳቱን አይቶ ምን ያደርጋል?»

«እሳቱማ አይታይም።»

ጋሽ ወንድይራድ ተመልሰው ተቀመጡና፣ «እሳትና ውሃ ለየብቻ እንደቀረበልን ነበር የምናውቀው። እናንተ አንዱን ከአንዱ አወጣችሁት። ይሁን። የማይታየውን የሚያየውን ልጅ ግን እኔ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ» አሉ።

አጎቴ ስልክ ደውሎ የነገረኝ ይህን ሁሉ አይደለም። «ነገሩ ጥሩ ነው፤ ሊጎበኙህ ነው» ብቻ አለኝ።

አለቃዬ ኢንጂነር ራሔል ትባላለች፤ ከሐዋሳ መጥታ እዚህ ብርድ ውስጥ የምትሠራ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የምትደርብ፣ በደንብ ጉዳይ ግን ከብርዱ የባሰች ሴት ናት። ለጉብኝቱ ፈቀደችልኝ። እንግዶቹ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ከማያልፈው ቢጫ መስመር ወዲህ፣ ጥላው ሥር ሆነው እንዲያዩ ተስማማን። ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡም ተነጋገርን። ጋሽ ወንድይራድ ብቻቸውን አይመጡም፤ የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ሰይድ የልጅነት ወዳጃቸው ስለሆኑ አብረው ይመጣሉ ተባለ። የአንዱን ዓይን ሳልችል የሌላው ሊጨመርልኝ ነው አልኩ በልቤ።

በዕለቱ ጧት ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ሙሉ ልብስ ለበስኩና ከላዩ ላይ የሥራ ቱታዬን ደረብኩ። ሐሳቤ አማቴ ሲደርሱ ቱታውን አውልቄ በክራቫት ልቀበላቸው ነበር። መስተዋት ፊት ስቆም የሰው ሳይሆን የታጨቀ ፍራሽ መልክ ነበረኝ፤ ቢሆንም ለፍቅር ሲባል ሰው ያብጣል።

ራሔል በር ላይ አየችኝ። የክራቫቱ ጫፍ ከቱታው አንገት ላይ ብቅ ብሏል።

«ከሥሩ ምንድን ነው የለበስከው?»

«ሙሉ ልብስ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከጥሩ ጨርቅ።»

እጅጌውን ሳበችና በጣቶቿ አሻሸችው። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ባለበት አገር እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲፋተግ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ማታ ሹራብ ስታወልቁ ጭለማው ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚለው እሱ ነው። ለመኝታ ቤት ጨዋታ ነው። ለሃይድሮጅን ግን ያቺ ጠሽታ ክብሪት ናት። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ይህን ለብሰህ ጋዝ አጠገብ ልትቆም ነበር?» አለች ራሔል። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሌላው ቢያደርገው ታግደዋለህ። ሂድና ሁሉንም አውልቅ።»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ በችኮላ ሳወልቅ፣ ቱታው በሙሉ ልብሱ ላይ ተወጥሮ ስለነበር ዚፑ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ከመጋዘን ሌላ ቱታ አመጡልኝ። የቱታው ባለቤት ማን እንደነበር አላውቅም፤ እግዚአብሔር ቁመት ሲያድል ግን ሰልፉ ላይ አልነበረም። ሱሪው ቁርጭምጭሚቴን ከረሳ ቆይቷል፤ ወደ ጉልበቴ እያዘገመ ነው። የደብረ ብርሃን ጧት ደግሞ ባዶ ቅልጥም ሲያገኝ አይምርም።

ቢሆንም አልተጨነቅሁም። እንግዶቼ የሚመጡት ከሰዓት ነው፤ እስከዚያ ቱታዬ ይሰፋልኛል።

ራሔል ይህን አስቤ ሳልጨርስ መጥረጊያ አቀበለችኝ።

ስለ መጥረጊያው ላስረዳ። የማይታየውን ነበልባል የሚያይ ካሜራ አለን፤ በዚያ ሳምንት ግን ተበላሽቶ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዷል። ደረቴ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያም አለችኝ፤ እሷ የምትጮኸው ያልተቃጠለ ጋዝ ስታሸት ነው። ጋዙ እየነደደ ከወጣ ምንም አትልም። ስለዚህ ካሜራው እስኪመለስ ወደ አሮጌው ዘዴ ተመልሰናል። ረጅም እጀታ ያለው የሣር መጥረጊያ ፊት ለፊት ዘርግቶ ቧንቧውን እየተከተሉ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። የማይታይ እሳት ካለ ከሰውየው በፊት መጥረጊያው ይነድዳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ እኛን አስበው መሆን አለበት። በዚያ ጧት የአንድ ቧንቧ መገጣጠሚያ ተጠግኖ ሥራ ሊጀመር ስለነበር መስመሩ መታየት ነበረበት።

«ሌላ ሰው ቢያደርገው?» አልኳት።

«እንግዶችህ ከሰዓት አይደል የሚመጡት? ምን ቸገረህ?»

እውነቷን ነው፤ ምንም አልቸገረኝም። የቸገረኝ ለአንኮበር ገበሬ «ከሰዓት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስላልተረዳሁ ነው። ከሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ይይዛል፤ ደርሶ ይጠብቃል።

እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ቧንቧው ስሄድ እነሱ በሩ ላይ ነበሩ። ዘበኛችን ሻምበል የጋሽ ወንድይራድን ስልክ ተቀበለ፤ የሐጂ ሰይድንም ተቀበለ። ከዚያ የጋሽ ወንድይራድን ዱላ አየ።

«ጋሼ፣ ዱላውንም እዚሁ ይተዉልኝ» አለ። «ጫፉ ብረት ነው። ድንጋይ ሲነካ ያብለጨልጫል፤ ደንቡ አይፈቅድም።»

«ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው?»

ሻምበል ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። «እርስዎ ሊያዩት የመጡት ልጅ ነው» አላቸው።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ያለ ዱላ፣ በሐጂ ሰይድ ክንድ ተደግፈው፣ ጥቁሩን በርኖሳቸውን እንደለበሱ ጥላው ሥር ደርሰው ተቀመጡ። ራሔል እንደ ደንቡ ተቀበለቻቸው፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ጋዙ አስረዳቻቸው። ሐጂ ሰይድ የንግድ ሰው ስለሆኑ ስለ ሸቀጥ ሲወራ ጥያቄ አያጡም።

«አረንጓዴ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ማየት ይቻላል?»

«አይታይም። ቀለም የለውም።»

«ወላሂ ስንት ዘመን ነግጃለሁ» አሉ ሐጂ፤ «የማይታይ ዕቃ በመልኩ ስም ሲወጣለት የዛሬን አየሁ።»

ጋሽ ወንድይራድ የቀለሙ ነገር አላስጨነቃቸውም። «ልጁ የታለ?» አሉ።

ራሔል በቅን ልቦና በእጇ አመለከተቻቸው። «ያውልዎት፤ ሥራ ላይ ነው።»

እንግዲህ ያዩትን ልንገራችሁ። ከሣጥን የወጣ የሚመስል ቢጫ ሄልሜት፣ ጉልበቱ ሥር የቀረ ሱሪ፣ ብርድ ሰማያዊ ያደረገው ቅልጥም፣ መጥረጊያ በሁለት እጁ ወደ ፊት ዘርግቶ አየር እየጠረገ በዝግታ የሚራመድ ጎልማሳ።

«ምንድን ነው የሚጠርገው?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

«ምንም» አለች ራሔል።

«ምንም ለመጥረግ ነው ዩኒቨርስቲ የገባው?»

ራሔል ልታስረዳቸው ስትጀምር ከቁጥጥር ክፍሉ ተጠርታ ሄደች። እኔ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ቀና ስል በርኖሱን አየሁ። ደብረ ብርሃን በርኖስ የለበሰ ሰው ሞልቷል፤ ይህኛው ግን የጽጌን ግንባር ይዟል። ሁለት ዓይኖች እኔን ከመጥረጊያዬ፣ መጥረጊያዬን ከቅልጥሜ ጋር እያመሳከሩ ነው።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እጅ ነሥቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። እኔ ግን ዞር አልኩ። መጥረጊያውን በጎኔ አሳልፌ ቧንቧው ጀርባ ደበቅሁና፣ የግፊት መለኪያ እንደሚያነብ ትልቅ መሐንዲስ አገጬን ይዤ ቆምኩ። ቆሜም አልቀረሁም፤ ፊቴን ወደ እነሱ እንዳላዞር እየተጠነቀቅሁ፣ መጥረጊያዬ የት እንደደረሰ ሳላይ በጎን በጎን መራመድ ጀመርኩ። የማይታይ እሳት የሚፈልግ ሰው ሊያደርግ የማይገባውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ አደረግሁ።

የሣር ጭስ ሸተተኝ። አንድ ገበሬ ከአጥሩ ውጭ ገለባ ያቃጥላል ብዬ ተቀየምኩት። ደንብ አክባሪነቴ መጣብኝና ልናገረው ዞር ስል፣ የመጥረጊያዬ ጫፍ እየነደደ ነው።

ከምንም ላይ ነው የሚነደው። ቧንቧው እንዳለ ነው፤ አየሩ እንዳለ ነው፤ አጠገቡ ጭስ የለም፣ ነበልባል የለም። ባዶው አየር ላይ የተዘረጋው ሣር ብቻ ይንጣጣል። ጧት የተጠገነው መገጣጠሚያ ላይ ነበርኩ። ከመጥረጊያው ጫፍ እስከ እጄ ያለው እጀታ በሕይወቴ እንደዚያ አጥሮብኝ አያውቅም። ሁለት እርምጃ ዘንግቼ ብቀድም ኖሮ የሚነደው እጄ ነበር። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ጋዙ ተጨምቆ የሚጠራቀምባቸው ሲሊንደሮች ተደርድረዋል።

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚያስብ ይጠይቁኛል። እኔ ያሰብኩት «ቱታው አጭር ነው» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጭንቅላቴ ይህን ሲያስብ እግሬ ግን የተማረውን አደረገ፤ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ መጥረጊያውን ጠጠሩ ላይ ጣልኩ፣ ሮጬ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በመዳፌ መታሁ። አላርሙ ጮኸ። ቫልቮቹ ተራ በተራ ሲዘጉ ሰማሁ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ ግን ነዶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚህ መሃል ጋሽ ወንድይራድ ተነሥተዋል።

አውድማ ላይ የተቀጣጠለ ክምር ሲያጠፉ የኖሩ ገበሬ ናቸው። እሳት ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው። ጥላው ሥር ለመጠጥ የተቀመጠውን የውሃ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ እያነከሱ፣ ቢጫውን መስመር አልፈው ወደ ቧንቧው እየመጡ ነው። ሐጂ ሰይድ ከኋላቸው «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ወንድይራድ ተመለስ» ይላሉ።

እኔ እጄን ዘርግቼ ሮጥኩባቸው። «አታጥፋው» ብዬ ጮኽኩ። «እሳቱን እንዳታጠፋው፤ ይንደድ።»

አስቡት። ልጃቸውን ሊያገባ የሚፈልግ፣ እሳት ጠባቂ ነኝ ያለ ሰው፣ እሳት አታጥፉ እያለ ይጮኻል። ነገሩ እውነት ነው፤ ጋዙ እየነደደ ከወጣ ቢያንስ አይጠራቀምም። እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይሰበሰብና በኋላ በአንዴ ይፈነዳል። መጀመሪያ ምንጩ ይዘጋል፤ እሳቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይሞታል። ይህን ለማስረዳት ሰሌዳና ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልጋል። እኔ የነበረኝ አላርም ነበር።

«አጥፋ እንጂ አታጥፋ ይባላል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

ጀሪካኑን ከእጃቸው ነጠቅሁ። ሽቅብ ሳይ ምሰሶው ላይ ያለው ነፋስ ጠቋሚ ጨርቅ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ነፋሱ ወደ በሩ የሚነፍስ ከሆነ መሰብሰቢያችን በተቃራኒው፣ ከጓሮው አጥር ውጭ ያለው ሜዳ ነው። ጠጠሩን አቋርጦ መሄድ ግድ ነው።

«ወደዚያ» አልኳቸው።

«ያለ ዱላዬ ጠጠር ላይ አልራመድም። ዱላዬን አምጣልኝ።»

ዱላው በሩ ላይ ነው፤ በሩ ነፋሱ የሚሄድበት ነው። ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«ውጣ» አልኩ።

«ምን?»

«ጀርባዬ ላይ ውጣ። አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ውጣ ነው የምልህ።»

አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት። እኔ የእነዋሪ ልጅ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሊስትሮ «እርስዎ» እያልኩ ያደግሁ ሰው፣ አማቴ ሊሆኑ የተቃረቡትን ሽማግሌ በምስክር ፊት «አንተ ሰውዬ» አልኳቸው። አንቱታዬ ከመጥረጊያው ጋር ሳይነድ አልቀረም።

ጋሽ ወንድይራድ የደነገጡት ከእሳቱ ይልቅ በዚህ ይመስለኛል፤ ታዝዘው ወጡ። እንደ ሕፃን እሽኮኮ አድርጌያቸው ሮጥኩ። ግዙፍ አይደሉም፣ በርኖሳቸው ግን የአንድ በግ ክብደት አለው። ጫፉ እየተነሣ ዓይኔን ይሸፍነዋል፤ ሐጂ ሰይድ ከጎኔ እየሮጡ «ግራ፣ ግራ፣ አሁን ቀኝ» እያሉ ይመሩኛል። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደሚሮጡ ብታዩ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ፣ ቅልጥሙ የታየ ሰው በርኖስ የለበሰ ሽማግሌ አዝሎ ሲመጣ አየ። እስከ ዛሬ በዓመት በዓል የሚያነሡልኝ ይህንኑ ነው።

አወረድኳቸው። አላርሙ ይጮኻል፤ ነፋሱ ይነፍሳል። ያኔ ነው የፈራሁት። ሲሊንደሮቹ ካሉበት በኩል ድምፅ እንዳይመጣ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ራሔል ከቁጥጥር ክፍሉ አልወጣችም፤ ጋዙን በላይኛው ቧንቧ ወደ ሰማይ እየለቀቀች ነው። ሃይድሮጅን አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ከለቀቁት ሽቅብ ይበራል፣ ምድር ላይ አይጎለትም። ይህን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ፍርሃትን አይከለክልም።

በመጨረሻ አላርሙ ቆመ። ራሔል በጓሮው በር ወጣች፤ ሄልሜቷን አውልቃ በብብቷ ይዛዋለች።

«አልቋል» አለች። «መስመሩ ባዶ ነው፤ እሳቱም ሞቷል። የተጠገነው መገጣጠሚያ ነው ያፈሰሰው። ሰው አልተነካም፤ ዕቃም ያን ያህል አልተጎዳም።»

አንድ ሰው «ተመስገን» አለ፤ ሐጂ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመረ። ራሔል ግን ወደ እኔ መጣች።

«በቁጥጥር ክፍሉ መስኮት አይቼሃለሁ። ሁሉንም በደንቡ አድርገሃል፤ መጥረጊያውን ግን በጎን ይዘህ ነበር። ፊትህን ለምን አዞርክ?»

አማቴ እየሰሙ ነው። ልዋሽ አሰብኩ፤ የሚመጣልኝ ውሸት አጣሁ።

«አፈርኩ» አልኩ። «መጥረጊያ ይዤ እንዳያዩኝ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ሣቃቸው እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ ለመነሣት ጊዜ ይወስዳል፤ ከተነሣ ግን አይቆምም። ሐጂ ሰይድም ተከተሏቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ፤ እንባዬ ሲመጣ በነፋሱ አሳበብኩ።

ሣቁ ሲያልቅ ሽማግሌው ሜዳው ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እንድቀርባቸው ጠሩኝ።

«አሁን የምጠይቅህን በእውነት መልስልኝ» አሉ። «እኔ የመጣሁት መጥረጊያ ትይዛለህ፣ መጽሐፍ ትይዛለህ ለማየት አይደለም። ልጄ በወጣትነቷ ባል እንዳትቀብር ነው የምፈራው። ይህ ነገር አይገድልህም?»

«አይገድለኝም ብዬ አልምልልዎትም፣ ጋሼ» አልኩ። አንቱታዬ ተመልሶልኝ ነበር። «የእኔ ሥራ ጧት ገብቶ ምን ሊበላሽ ይችላል እያሉ ማሰብ ነው። ሲጠቃለል ሥራዬ መፍራት ነው። ለእኔ ብቻም ሳይሆን እዚህ ለቆመው ሰው ሁሉ እፈራለሁ።»

«እኛ የምንኖረው ገደል አፋፍ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ታናሽ ወንድሜ ገደሉን አይፈራም ነበር። ጀግና ነው ይሉታል፤ በዚያ በጠባቡ መንገድ እየዘፈነ ነበር የሚወርደው። አንድ ክረምት ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመ። እኔ ፈሪ ነኝ። ድንጋይ ሳልነካካ አልረግጥም። ይኸው ሸብቻለሁ።» በርኖሳቸውን ሰበሰቡ። «የሚፈራ ሰው አገኘሁላት።»

ይህ እሺታ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ሐጂ ሰይድን አየሁ። ሐጂ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ግን አልጨረሱም። «አንድ ነገር ቀርቷል። ይህ ልጅ አንተ ብሎኛል። አንተ ሰውዬ ነው ያለኝ፤ ሐጂ፣ ሰምተሃል። ፍረደኝ።»

ሐጂ ሰይድ ጫማቸውን አጥልቀው እስኪጨርሱ ፍርዱ ቆየ። «ወንድይራድ፣ ወላሂ ሰምቻለሁ» አሉ። «ነገር ግን ሰው ጀርባ ላይ ተቀምጠህ አንቱ በለኝ አይባልም። ከወረድክ በኋላ ደግሞ እርስዎ ብሎሃል።»

«ብሏል» አሉ ሽማግሌው፣ እያመነቱ።

«እንግዲያው ሒሳቡ ተዘግቷል።»

ከቀትር በኋላ ራሔል ፈቅዳልኝ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ዱላቸውን ሻምበል መልሶላቸዋል፤ ቱታዬንም ቀይሬያለሁ። የጎረቤላ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ጋሽ ወንድይራድ በመስኮት ጎንበስ አሉና፣ «ለሽምግልናው ያ የእነዋሪው አጎትህ ተመልሶ ይምጣ፤ ግን ብዙ አያውራ» አሉኝ። «ጽጌን እኔ እነግራታለሁ። ስለ እሳቱ አንተ ንገራት። እኔ ብነግራት ትቆጣኛለች።»

ሚኒባሷ አቧራዋን አስነሥታ ወደ አንኮበር መንገድ ታጠፈች። እኔ መናኸሪያው አጥር ሥር ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ሳይሆን ጉልበቴ አስቀመጠኝ። እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ የተሸከመኝ ጉልበት፣ አማቴን ሳይቀር የተሸከመ ጉልበት፣ አሁን ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተንቀጠቀጠ። እጄም ተከተለው። እንዲህ እየተንቀጠቀጥኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

አጠገቤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላለፈችኝም።

«ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ። ላገባ ነው።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ከሰፌዷ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ።

«እሱማ ያንቀጠቅጣል» አለች። «ያዝ፣ ይህን ቆርጥም። ይለቅሃል።»

ቆረጠምኩ፤ ትኩስ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እጄ ረጋ።